ድንጋይ ራስ፦ የአንጎል እጥፋት፣ የዲኪካዋ ሰላም እና የልጆቻችን ጭንቅላት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ቀድታችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት። "ዓ.ም." ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ልጅ ትምህርት ሲከብደው ምን እንላለን? "ጭንቅላት የለውም" እንላለን። ሲገባው ደግሞ "ጭንቅላቱ ይሠራል"። አንደኛ ለሚወጣው "ጭንቅላታም"፣ መጨረሻ ለሚቀመጠው "ድንጋይ ራስ"። ይህን ስም ተሸክማችሁ ያደጋችሁ ከእናንተም መካከል ትኖራላችሁ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ስንቴ እንደሚባል ያውቃል።

ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ፍርዱ ከአንድ ልጅ አልፎ ትውልድ ላይ ያርፋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ያኔ በየሻይ ቤቱ፣ ከአዳማ ሞጆ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ እዚሁ ፌስቡክ ላይም የተባለውን ታስታውሳላችሁ፦ "የዘንድሮ ልጅ ጭንቅላቱ ባዶ ነው።"

ልብ በሉ፣ ይሄ እኮ ስለ አንድ የሰውነት ክፍል የተነገረ ነገር ነው። ስለዚህ እስቲ ነገሩን የምር እንውሰደውና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ የጎበዝና የሰነፍ ልዩነት አንጎል ላይ ይታያል ወይ? ጥያቄው ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የጠየቁት ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያዩት አንድ ቦታ ነው፤ የአንጎልን እጥፋት። የዚህ ፍለጋ ታሪክ ከእስክንድርያ ተነስቶ በጀርመን አልፎ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ደጅ ነው፤ በወንጂና በሶደሬ አልፎ ወደ አፋር የሚወርደው አዋሽ ዳር።

መጀመሪያ እጥፋት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ። በዓል ላይ የበግ ራስ ተሰንጥቆ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንጎል ለስላሳ ኳስ አይደለም፤ የተሸበሸበ ነው። ከፍ ያለው ሸንተረር ነው፣ ዝቅ ያለው ቦይ። የወንጂን የአገዳ ማሳ ከላይ ሆናችሁ ብታዩት መደብ፣ ቦይ፣ መደብ፣ ቦይ ነው አይደል? እንደዚያ በሉት፣ ግን የጠመዘዘና የተወሳሰበ። የሰው አንጎል የላይኛው ሽፋን ቢዘረጋ ስፋቱ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል ቦዮቹ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ትልቅ ነጠላ በትንሽ መሶብ ውስጥ እንደማጨቅ ነው፤ ካልታጠፈ አይገባም።

እጥፋቱ የሚጀምረው በማህፀን ነው። በእርግዝናው አጋማሽ ላይ የፅንሱ አንጎል ገና ለስላሳ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ የላይኛው ሽፋን ከውስጠኛው ክፍል ፈጥኖ ማደግ ይጀምራል፤ ቦታ ሲያጣ ይታጠፋል። በ2016 ተመራማሪዎች ይህን በሰው ሠራሽ ጄል አሳይተዋል። የፅንስ አንጎል ቅርጽ ያለው ጄል ሠርተው የላይኛው ሽፋኑ ፈሳሽ እየመጠጠ እንዲያብጥ ሲያደርጉት፣ የእውነተኛውን አንጎል የሚመስሉ ዋና ዋና ቦዮች ወጡ። ሕፃኑ ሲወለድ ዋናው የእጥፋት ካርታ ተስሎ አልቋል። ዋና ዋናዎቹ ቦዮች ሁላችንም ላይ አሉ፤ ትንንሾቹ ግን ከሰው ሰው ይለያያሉ። የአንድ እንቁላል መንትዮች እንኳ ፍጹም አንድ ዓይነት እጥፋት የላቸውም። እንደ ጣት አሻራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ኤራሲስትራተስ የሚባል ሐኪም ነበር። የሰውንና የእንስሳትን አንጎል አነጻጽሮ፣ ሰው በማሰብ የሚበልጠው እጥፋቱ ስለሚበልጥ ነው አለ። ከ400 ዓመት በኋላ ሌላው ታዋቂ ሐኪም ጋለን መጣና አፌዘበት። የአህያን አንጎል አላየህም ወይ? አህያም እኮ በደንብ የተጠማዘዘ አንጎል አላት፤ ታድያ ምነው ብልህ አልሆነች? መቼም አህያ በእኛም አገር፣ በእነሱም አገር የስድብ እንስሳ መሆኗ የሚገርም ነው። ምስኪኗ አህያ ግን በዚህ ክርክር ትክክለኛ ምስክር ነበረች። ዛሬ ደግሞ የዶልፊን አንጎል ከሰው የበለጠ እንደተሸበሸበ እናውቃለን። የእጥፋት ብዛት ብቻውን የብልህነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ዶልፊኖች በሆኑ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አላበቃም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ጥያቄው ከ"ሰውና አህያ" ወደ "ሰውና ሰው" ዞረ። እዚህ ላይ የእኛ ስም ይመጣል። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ብሉመንባህ የራስ ቅል እየሰበሰበ የሰውን ልጅ በአምስት ከፈለ። ለጥቁር ሕዝብ በጠቅላላ የሰጠው ስም "ኢትዮጵያዊ" የሚል ነበር። ለብሉመንባህ ፍትሕ እንስጠው፤ እሱ ራሱ የጥቁር ሰዎችን የማሰብ ችሎታ የተከላከለ ሰው ነው። ችግሩ መደቡን የወረሱት ሰዎች ናቸው። ከእሱ በኋላ ቅል በሰናፍጭ ዘርና በእርሳስ ጥይት እየሞሉ የሚለኩ፣ ከመለካታቸው በፊት ውጤቱን የሚያውቁ ሰዎች በዙ።

ሁሉም ግን እንደዚያ አልነበሩም። በ1836 የሃይደልበርጉ ፍሬድሪክ ቲዴማን ቅሎችን በደረቅ እህል እየሞላ ለካ፣ አንጎሎችንም ቅርጻቸውንና እጥፋታቸውን አነጻጸረ። ድምዳሜው አጭር ነበር፤ በጥቁርና በነጭ አንጎል መካከል ጉልህ ልዩነት የለም። ይህን ያሳተመው በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ነው፤ በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ መድረክ አልነበረም። ታድያ ምን ዋጋ አለው፣ ሰሚ አላገኘም። መስማት የሚፈልጉት ሌላ ነበር።

አሁን ከጎቲንገን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለተማሪዎቼ ብነግራቸው በጣም የሚስቁበት ይመስለኛል። በ1855 ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ሞተ። ሒሳብ የተማራችሁ ሁሉ ስሙን ታውቁታላችሁ። የብሉመንባህን ወንበር የወረሰው ሩዶልፍ ቫግነር የጋውስን አንጎል ወስዶ መረመረ። ክብደቱ 1,492 ግራም ነበር፤ ትልቅ ነው፣ ግን ታምር አይደለም። እጥፋቱ ግን ዓይን የሚስብ ሆኖ ተገኘ። "የሊቅ አንጎል ይኸውና!" ተባለ። ሥዕሉ ተስሎ ታተመ። ቫግነር ራሱ ግን ሐቀኛ ነበር፤ ሌሎች ሰዎችን እየጨመረ ሲያነጻጽር፣ ከእጥፋቱ ተነስቶ ይሄ ሊቅ ነው፣ ይሄ ተራ ሰው ነው ማለት እንዳቃተው አየ።

ቀልዱ የመጣው ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ2013 የጎቲንገን ተመራማሪዎች "ጋውስ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ማሰሮ በዘመናዊ የምስል መሣሪያ ከድሮው ሥዕል ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመም። ማሰሮው ውስጥ ያለው አንጎል የጋውስ አይደለም! በዚያው ዓመት የሞተ፣ ኮንራድ ሃይንሪሽ ፉክስ የተባለ የጎቲንገን ሐኪም ነው። ሁለቱ ከብዙ ዘመን በፊት ተለዋውጠው ነበር። አስቡት፤ "የሊቁን አንጎል" እናያለን ያለ ሁሉ የሌላ ሰው አንጎል ሲያይ ኖሯል። የታወቀውም በዚያው በእጥፋቱ ነው። እጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናገረ፤ ብልህነቱን ግን አልተናገረም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አይንስታይንም ከዚህ አላመለጠም። በ1955 ፕሪንስተን ውስጥ ሲሞት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቶማስ ሃርቪ አንጎሉን አውጥቶ ወሰደው፣ ፎቶ አነሳው፣ ወደ 240 ገደማ ቁራጭ ከፋፈለው። ክብደቱ 1,230 ግራም፤ ከብዙዎቻችን የማይበልጥ። በ2013 ፎቶዎቹን ያጠኑ ሰዎች አንዳንድ የእጥፋቱ ቦታዎች ያልተለመዱ ናቸው ብለዋል። ይሁን። ግን የእያንዳንዳችን አንጎል ብትፈልጉበት "ያልተለመደ" ነገር አይጠፋበትም። አንድን ሰው ብቻ ይዞ "ሊቅ ያደረገው ይህች ቦይ ናት" ማለት አይቻልም። ሎተሪ የደረሰውን ሰው ጫማ አይቶ ጫማው ነው ያደረሰለት እንደማለት ነው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። አዋሽን ታውቁታላችሁ። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል፣ ቆቃ ላይ ይተኛል፣ ወንጂን ያጠጣል፣ በሶደሬ፣ በመተሐራ ወርዶ አፋር ይገባል። እዚያ ታች ሃዳርና ዲኪካ አሉ። የአንጎል እጥፋት ክርክር ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሰው ልጅ አመጣጥ ሲሸጋገር ከወሳኝ ማስረጃዎቹ ውስጥ ጥቂቶቹ የተገኙት በዚህ ወንዝ ዳር ነው።

"አንጎል እኮ ይበሰብሳል፣ በሚሊዮን ዓመት እንዴት ይቆያል?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይበሰብሳል። ግን አንጎል በሕይወት እያለ የራስ ቅሉን ከውስጥ ይጫነዋል፤ ሸንተረሩና ቦዩ አጥንቱ ላይ ቀለል ያለ ማኅተም ይተዋል። ሰውየው ሲሞት፣ አንጎሉ ሲጠፋ፣ ቅሉ በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በዘመናት ድንጋይ ይሆናል። የዚያ ድንጋይ ገጽ የጠፋውን አንጎል ቅርጽ ይዞ ይቀራል። እኛ ለስድብ የምናወጣው "ድንጋይ ራስ" ለሳይንስ ውድ ሀብት ነው።

ከእነዚህ መካከል ቀድሞ የታወቀው በደቡብ አፍሪካ የተገኘው የታውንግ ልጅ ነው። ሬይመንድ ዳርት በ1925 ሲያሳትመው አንድ ቦይ ላይ ትኩረት አደረገ፤ የጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ ከአንጎል ኋላ ያለውን የማየት ክፍል ከሌላው የሚለይ ቦይ። በጦጣ መሰል ዘመዶቻችን ላይ ይህ ቦይ ወደ ፊት የተጠጋ ነው። በሰው ላይ የማሰቢያው ክፍል ስለሰፋ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ዳርት የታውንግ ልጅ ላይ ቦዩ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ስለዚህ አንጎሉ ገና ትንሽ ሆኖ ሳለ አሠራሩ ወደ ሰው ዞሮ ነበር አለ። ክርክሩ ከዚያ ጀምሮ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ቀጠለ።

በ1974 ሃዳር ላይ ሉሲ፣ የእኛዋ ድንቅነሽ፣ ስትገኝ ከራስ ቅሏ የቀረው ቁርጥራጭ ስለነበረ ለዚህ ጥያቄ ብዙም አልረዳችም። ከዚያው ከሃዳር የተገኘ ሌላ ቅል ግን በ1980ዎቹ ሁለት ታላላቅ ተመራማሪዎችን አጋጨ። ራልፍ ሃሎዌይ ቦዩ ወደ ኋላ ነው፣ የሰው ይመስላል አለ። ዲን ፎክ የምትባለዋ ደግሞ የለም፣ እንደ ቺምፓንዚ ነው አለች። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ስንጥቅ፣ ሁለት ሊቅ፤ የሚታየው እኮ የሚፈለገው ነው አንዳንዴ።

ፍርዱን የሰጠችው ሕፃን ናት። በ2000 መጨረሻ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ የሕፃን አፅም አገኘ። ዕድሜው 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ የሉሲ ዘር። ስሟን ሰላም አሏት። ቅሏ ሙሉ ነበር፣ ውስጡም በአሸዋ ድንጋይ የተሞላ። ዘረሰናይ ድንጋዩን ከአጥንቱ ለመለየት በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት እየፋቀ ዓመታት ፈጀበት፤ በ2006 ለዓለም አስተዋወቃት። ከዚያ ቅሉ ፈረንሳይ ግሬኖብል ወዳለው ኃይለኛ የራጅ ማሽን ሄደ። ማሽኑ ቅሉን ሳይከፍት ከውስጥ አሳየ፣ ጥርሷ ላይ የየዕለቱ የእድገት መስመር እስኪቆጠር ድረስ። መስመሩ ሲቆጠር ሰላም የሞተችው በ861 ቀኗ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት።

በ2020 የታተመው ውጤት ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፦ የጨረቃ ቅርጿ ቦይ ሰላም ላይ በግልጽ ታየች፣ ያለችውም እንደ ቺምፓንዚ ወደ ፊት ተጠግታ ነው። ያ ያጨቃጨቀው የሃዳር ቅልም እንደገና ሲታይ እንደዚያው ሆነ። ማለትም ሉሲና ሰላም በሁለት እግራቸው ቀጥ ብለው እየሄዱ፣ የአንጎላቸው እጥፋት ግን ገና የሰው አልነበረም። ሁለተኛው ግን ለእኔ ትልቁ ነው። የሰላም አንጎል 275 ሚሊ ሊትር ገደማ ነበር፤ የአዋቂዎቻቸው አማካይ ደግሞ 445 አካባቢ። በዚያ ዕድሜ ያለ ቺምፓንዚ አንጎሉን ከዚህ በላይ አጠናቅቋል። የሰላም ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። እድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ እንደ እኛ ልጆች።

ዘገምተኛ! በክፍል ውስጥ ይሄ ስድብ ነው። በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ግን በረከት ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ዝግታው መጀመሪያ የመጣው ምግብ በሚያጥርበት ቦታ የልጅ ማሳደጊያውን ወጪ በብዙ ዓመት ለማከፋፈል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ አንድ ነው፤ ረጅም ልጅነት። በአዋቂ እጅ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ እያየ የሚያድግ አንጎል። እጥፋቱ የሰውን መልክ ከመያዙ በፊት ልጅነቱ ረዘመ። መማሪያ ጊዜው ቀደመ፣ አንጎሉ ተከተለ።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከዲኪካ ወደ ላይ፣ ወንዙን ተከትላችሁ ወደ መልካ ቁንጡሬ ውጡ። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ2024 ከአካባቢው ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ 700,000 ዓመት ያለው የጭቃ ገጽ ላይ የእግር አሻራ ተገኝቷል። የአዋቂ ብቻ አይደለም፤ አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ጭምር። በዚያው ቦታ የድንጋይ መሣሪያና የታረደ ጉማሬ አጥንት አለ። አስቡት፤ ትልልቆቹ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ሥጋ ይበልታሉ፣ ሕፃናቱ እግራቸው ሥር ይዳክራሉ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የቀደመ የክፍል ፎቶ አይገኝም።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ባቱ አጠገብ ከዝዋይ ሐይቅ ምዕራብ ጋዴሞታ የሚባል ኮረብታ አለ። ከ270,000 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የተሠሩ የጦር ጫፎች ተገኝተውበታል። እንዲህ ያለ ጫፍ መጥረብ በአንድ ቀን የሚያዝ ሙያ አይደለም። አንድ ሰው ሲሠራ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ብዙ ማየት፣ ብዙ ማበላሸት፣ ብዙ መታረም አለበት። የእኛ ስምጥ ሸለቆ የአጥንት ብቻ ሳይሆን የትምህርት መዝገብም ነው የምለው ለዚህ ነው።

"እሺ ቲቸር፣ ያ የጥንቱ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎች ላይስ?" ጥሩ ጥያቄ። ዛሬ አንጎልን ለማየት ሞት አይጠበቅም፤ ኤምአርአይ አለ። የሚገኘውም ባዶ አይደለም፤ እውነቱን ሳልሸሽግ ልናገር። ከግንባር ኋላ፣ በአንጎል መሀል በኩል ፓራሲንጉሌት የምትባል ቦይ አለች። አንዳንዱ ሰው ላይ ጎልታ ትታያለች፣ አንዳንዱ ላይ የለችም። በ2011 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በሁለቱም የአንጎል ወገን የሌለቻቸው ጤነኛ ሰዎች "ይህን በእውን አየሁት ወይስ በሐሳቤ ነው?" የሚለውን ለመለየት በአማካይ እንደሚቸገሩ አሳዩ። በ2015 ደግሞ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች መካከል የሌለ ነገር የሚሰሙት ወይም የሚያዩት ላይ ይህች ቦይ አጠር ብላ ተገኘች። በ2021 ከበርክሌይ የወጣ ጥናት በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ በግንባር በኩል ያሉ አንዳንድ ትንንሽ ቦዮች ጥልቀት ምክንያታዊ ጥያቄ ከመፍታት ችሎታ ጋር ዝምድና እንዳለው አገኘ።

ሌላም አለ። በ2006 ሙዚቀኞችን ያጠኑ ተመራማሪዎች የእጅን እንቅስቃሴ የሚያዘው ሸንተረር ቅርጽ ላይ ልዩነት አዩ። ፒያኖ ተጫዋቾች ላይ በግራው የአንጎል ወገን፣ ቫዮሊንና መሰል መሣሪያ ተጫዋቾች ላይ በቀኙ ጎላ ይላል። ቫዮሊን ላይ ጣት የሚፈጥነው የግራ እጅ ነው፤ የግራ እጅን ደግሞ የሚያዘው ቀኙ አንጎል ነው። ይህ ከልጅነት ጀምሮ የመለማመድ አሻራ ሊሆን ይችላል። የእኛን ክራርና በገና ደርዳሪዎች ማን ባጠናልን!

ስለዚህ እጥፋትና አስተሳሰብ ምንም አይገናኙም የሚል ሰው ተሳስቷል። ይገናኛሉ። ግን እንዴት እንደሚገናኙ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ዝምድናው የአማካይ ነው፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሲታይ የሚገኝ ትንሽ ልዩነት። የአንድን ልጅ ምስል አንስቶ "ይሄ ያልፋል፣ ይሄ ይወድቃል" የሚል ባለሙያ የለም። ሁለተኛ፣ ዝምድናው ከአንድ የተወሰነ ቦይና ከአንድ የተወሰነ ችሎታ ጋር ነው፤ "ጎበዝ" እና "ሰነፍ" የሚባል ቦይ የለም። ያዙልኝ ያልኳችሁን የጋውስን ማሰሮ አስታውሱ፤ እጥፋት ማንነትን ይናገራል፣ ማዕረግ ግን አይሰጥም።

ሦስተኛው ለእኛ ዋናው ነው። ዋናው የእጥፋት ካርታ ከመወለድ በፊት የሚሳል ከሆነ፣ በአገር ደረጃ የፈተና ውጤት እንዲህ ሲያሽቆለቁል ተጠያቂው አንጎል ሊሆን አይችልም። የአንድ አገር ሕፃናት እጥፋት በአንድ ትውልድ አይለወጥም። የኦሮሚያ ልጅ፣ የአማራ ልጅ፣ የአፋር ልጅ ይዞት የሚወለደው አንጎል ያው አያቶቹ ይዘውት የተወለዱት ነው። የተለወጠው ከጭንቅላቱ ውጭ ያለው ነው፦ የመጽሐፍ እጥረት፣ 70 ተማሪ የታጨቀበት ክፍል፣ ከወር ወር መድረስ ያቃተው የመምህር ደመወዝ፣ በጦርነትና በወረርሽኝ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ የፈተናው አሰጣጥ። "ጭንቅላቱ ባዶ ነው" የሚለው ፍርድ እነዚህን ሁሉ ነጻ አውጥቶ ልጁን ብቻ ያስራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅል ለኪዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ግፉን ትተው ተገፊው አጥንት ላይ ምክንያት ፈለጉ።

አንጎል የሚጎዳበት መንገድ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ አንዳንዱም ደጃችን ላይ ነው። የሰላምን ዕድሜ ለማወቅ ያስቻለን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ያው የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ ደግሞ ለጉድጓድ ውኃችን ፍሎራይድ ሰጥቶናል። የወንጂንና የአካባቢዋን ቡናማ ጥርስ የማያውቅ የአዳማ ሰው የለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ይበልጣል። በ2023 እዚሁ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተሠራ አነስተኛ የሙከራ ጥናት፣ ከፍ ያለ ፍሎራይድ የሚጠጡ ልጆች በሥዕልና በማስታወስ ፈተና ላይ ብዙ ስህተት የመሥራት አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይቷል። ገና ዝምድና ነው፣ ምክንያቱ እሱ ነው ተብሎ አልተረጋገጠም። የአዮዲን ጉዳይ ግን የተረጋገጠ ነው፤ እጥረቱ በፅንስና በሕፃንነት ዕድሜ አንጎልን ይጎዳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ አዮዲን ያለበት ጨው ነው። ለልጅ ጭንቅላት የሚያስብ ሰው እንግዲህ ውኃውንና ጨውን ይጠይቅ።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችሁ ዛሬ ራሳችሁ አባትና እናት፣ አንዳንዶቻችሁም መምህር ስለሆናችሁ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ወይም የክፍላችሁ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ዝግ ያለ ልጅ ይኖራል። ሌላው አንዴ ሰምቶ የሚይዘውን እሱ አራቴ ይጠይቃል። ቅሉን ከፍታችሁ ማየት አትችሉም፤ ብታዩም አይነግራችሁም። የምትችሉት ነገር ግን አለ፤ አምስተኛውን ጊዜ ማስረዳት። የሰው ዘር የቆመው በዚህ ነው፤ ትልልቆቹ ሥራቸውን ሳያቆሙ ትንንሾቹን ከእግራቸው ሥር ባለማባረራቸው።

"ድንጋይ ራስ" የሚለውን ቃል ለእነሰላም እንተወው። እሷ ይገባታል፤ ራሷ በእውነት ድንጋይ ሆኖ ስንት ትምህርት ሰጥቶናል። ሕያው ልጅ ላይ ግን አይለጠፍም።

በልጅነታችሁ "አይገባውም" ተብላችሁ ኋላ የገባችሁ፣ ማን በትዕግሥት እንዳስረዳችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። የትምህርት ቤቱን ስም ተዉት፤ ያስረዳችሁን ሰው ግን አመስግኑት። መምህር የሆነ ወዳጅ ያላችሁም አጋሩለት። ሰላም ሁኑ።